96 ታብሌት መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ አገኘሁ። ከየት ልጀምር?

የወረዳው_ሰው · ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ለረጅም ጊዜ አንባቢ ነበርኩ፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሦስት ወር በፊት የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ። ከዚያ በፊት 11 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ እናንተም አትገምቱ።

ባለፈው ሳምንት የንብረት ቆጠራ ነበርና መጋዘን ገባሁ። ከተሰባበረ ወንበርና ከአሮጌ ማባዣ ማሽን ጀርባ ስምንት ካርቶን ተደርድሯል። "ምንድነው ይሄ?" አልኩ። "ታብሌት ነው፣ የእርዳታ" ተባልኩ። 96 ናቸው። ከመጡ ሁለት ዓመት አልፏል። የተከፈቱት አራት ብቻ ናቸው። አንዱ ለስብሰባ ፎቶ ማንሻ ሆኗል። ስለ ሦስቱ አትጠይቁኝ።

ለኃላፊው ስነግረው "በል እንግዲህ፣ ቴክኖሎጂ የምትወደው አንተ ነህ፤ እቅድ አቅርብ" አለኝ። እኔ የምወደው ፊዚክስ ነው። ግን እሺ።

ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለን። አንዱ ከተማው ውስጥ ነው፤ በፈረቃም ቢሆን መብራት ያገኛል። ሌላው 23 ኪሎ ሜትር ወጣ ይላል። ሶላር አለው፤ የሚበቃው ግን ለርዕሰ መምህሩ ቢሮና ለአንድ ክፍል ነው። ኢንተርኔት ማለት የአስተማሪው ስልክ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ አንድ መጽሐፍ ለአራት የሚካፈሉ ልጆች አሉ።

ለየትኛው ክፍል ልስጠው? ለልጆቹ ወይስ ለአስተማሪዎቹ? ወይስ አንድ ክፍል ውስጥ ላስቀምጠው? የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

---

ኬብል_ፈታች · ሰኞ ማታ 3:05

የአይሲቲ አስተማሪ ነኝ። ከእቅድ በፊት ቻርጅ አድርጋቸው። ነገውኑ። ባትሪ ባዶውን ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ይሞታል፤ አንዳንዱም ያብጣል። ጀርባው ያበጠ ካየህ እንዳትሰካው፣ ለብቻው አውጣው። 96 ብለህ እቅድ ጽፈህ 70ው ብቻ ቢነሳ ስብሰባ ላይ ታፍራለህ።

ደግሞ ቻርጀሮቹን ቁጠር። እኛ ጋ 40 ታብሌት መጥቶ የተገኘው 11 ቻርጀር ነው። የቀረው የት እንደሄደ ስልክ ያለው ሁሉ ያውቃል።

---

ባዶ_ሰሌዳ · ሰኞ ማታ 3:22

ይቅርታ ግን በሳቅ ልሞት ነው። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፣ የአስተማሪው ደመወዝ 15 ቀን አያደርስም፣ እናንተ ታብሌት ትላላችሁ። ሽጠህ ወንበር ግዛበት!

---

የወረዳው_ሰው · ሰኞ ማታ 3:30

ወንድሜ ልሽጠው ብል ቃሊቲ ነው የምትጠይቀኝ። የመንግሥት ንብረት ነው። ስለ ወንበሩ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ምርጫው "ወይ ወንበር ወይ ታብሌት" አይደለም። ታብሌቱ መጥቷል። ምርጫው "ይበስብስ ወይስ ይሠራ" ነው።

---

የፕላዝማ_ልጅ · ሰኞ ማታ 4:10

እኔ በ1997 ነው 9ኛ ክፍል የገባሁት፤ ፕላዝማ በተጀመረበት ዓመት። ለማታስታውሱ፦ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ ነበር፣ በእንግሊዝኛ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሰዓቱ የቴሌቪዥኑ ነው። ለአስተማሪው መክፈቻና መዝጊያ ላይ ትንሽ ደቂቃ ትተርፈዋለች።

ሰውዬው "ይህን ጥያቄ ሥሩ" ይላል። ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። የሚተላለፈው በሰዓቱ ነውና "ቆይ፣ አልገባኝም" ማለት የለም። መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት አለፈ፤ ነገ ሌላ ምዕራፍ ነው።

የኛ የፊዚክስ አስተማሪ በጣም ጎበዝ ነበር። ፕላዝማ ከገባ በኋላ ሪሞት ይዞ በር ላይ የሚቆም ሰው ሆነ። አንድ ቀን መብራት ሄደ። እሱም ኮቱን አውልቆ ጠመኔ አነሳ። ሞመንተም የገባኝ ያን ቀን ነው። ክፍሉ አጨበጨበ። እሱ ደግሞ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ቆየ። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው እያለቀሰ ይሆናል እላለሁ።

ሀሰት አልናገርም፤ ጥሩ ጎንም ነበረው። ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት ሙከራ በዓይናችን አይተናል። ግን የኛን አስተማሪ አንድም ሰው "አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ አልጠየቀውም። ከላይ ተወሰነ፣ ሳጥኑ መጣ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የወረዳው ሰው፣ አንተ የፊዚክስ አስተማሪ ስለነበርክ ነው ይህን የምጽፍልህ።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር · ማክሰኞ ጠዋት 1:15

ልጄ፣ እንደምን አደርክ። 34 ዓመት በትምህርት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ 16ቱን በሱፐርቫይዘርነት። አሁን ቤት ነኝ፤ የምጽፈውም በልጄ ስልክ ነው።

ከፕላዝማ በፊት ሬዲዮ ነበር። የሬዲዮ ትምህርት። ልጆቹ ይወዱት ነበር፤ ዘፈን አለው፣ ጥያቄ አለው፣ አስተማሪውም አብሮ ይሠራል። አንድ ዓመት ስዞር ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሬዲዮው መደርደሪያ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ተበላሽቶ መስሎኝ ጠየቅኩ። አልተበላሸም። ድንጋይ የለውም። ሬዲዮውን የሰጠ ሌላ፣ ድንጋዩን እንዲገዛ የታሰበው ሌላ። የሬዲዮ በጀት ነበረ፤ የባትሪ ድንጋይ በጀት አልነበረም። አንዲት ርዕሰ መምህርት ብቻ ከትምህርት ቤቱ እርሻ ላይ በቆሎ ሸጣ ድንጋይ ትገዛ ነበር። እሷ ጋ ሬዲዮው ይናገራል።

ስለዚህ ለየትኛው ክፍል ልስጥ ከማለትህ በፊት የታብሌቱን ድንጋይ ፈልግ። መብራቱን ማን ይከፍላል? ሲሰበር ማን ያሠራል? ከስኩል ግራንቱ፣ ለትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው ገንዘብ ማለቴ ነው፣ ስንት ብር ለዚህ ይያዛል? በእቅድ ዘመን ካልያዝከው በዓመቱ መሐል ማንም አይሰጥህም።

ሌላ ነገር። ሰርኩላር በትነህ እንዳትቀመጥ። ሰርኩላር የሚያድረው ፋይል ውስጥ ነው። ሄደህ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥ።

---

የወረዳው_ሰው · ማክሰኞ ጠዋት 3:02

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "የታብሌቱን ድንጋይ" ብለው የጻፉትን ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እውነቴን ነው።

ኬብል_ፈታች፣ ዛሬ ቻርጅ ጀምረናል። በአንዴ የሚሰካው 12 ብቻ ነው። ሦስት ያበጠ አግኝተናል። ቻርጀር 61።

---

አርሊንግተን_ማዶ · ማክሰኞ ማታ 4:48

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ለትምህርት አመራር ማስተርስ ስማር ሁለት ታሪክ አስነብበውን ነበር። ላውጋችሁ፤ ረዘም ይላል።

እዚህ "ስኩል ዲስትሪክት" የሚባለውን እንደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስቡት። ልዩነቱ የተመረጠ ቦርድ ያለው መሆኑ ነው። ቦርዱ ሱፐርኢንተንደንት፣ ማለት የዲስትሪክቱን ዋና ኃላፊ፣ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል። ገንዘቡም ጥሩ ድርሻው ከአካባቢው የቤት ግብር ይመጣል። ስለዚህ ሲሳሳቱ የሚሳሳቱት በራሳቸው ገንዘብ ነው።

አንደኛው ሎስ አንጀለስ ነው። በፈረንጆች 2013 ዲስትሪክቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ አይፓድ እሰጣለሁ አለ። ከ600 ሺህ በላይ ልጅ ነው የምንለው። ከኢንተርኔት ዝርጋታው ጋር ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። የመጀመሪያው የ30 ሚሊዮን ዶላር ውል ጁን ላይ ጸደቀ። አንዱ አይፓድ 678 ዶላር፣ ውስጡ ፒርሰን የሚባለው የመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚ ያዘጋጀው ትምህርት ተጭኖበት። ትምህርቱ ግን ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር! ገና የሚጻፍ መጽሐፍ እንደመግዛት ነው።

በመከር አደሉ። ብዙም ሳይቆይ 300 የሚሆኑ ልጆች መቆለፊያውን አልፈው ፌስቡክና ዩቲዩብ ገቡ። ሰበሩት እንኳ አይባልም፤ የተጫነውን የመቆጣጠሪያ ፕሮፋይል ሰረዙት፣ አለቀ። ዲስትሪክቱ ደንግጦ ወደ ቤት መውሰድ ከለከለ።

በዓመቱ፣ ኦገስት 2014 ላይ፣ የሱፐርኢንተንደንቱ ቢሮ ከጨረታው በፊት ከአፕልና ከፒርሰን ሰዎች ጋር የተጻጻፈው ኢሜይል ወጣ። ውሉ ቆመ። ሱፐርኢንተንደንቱ ጆን ዴሲ ኦክቶበር ላይ ለቀቀ። ዲሴምበር ላይ ኤፍቢአይ መጥቶ 20 ካርቶን ሰነድ ጭኖ ሄደ። ክስ አልተመሠረተም። ዲስትሪክቱ በ2015 በስምምነት 6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስመለሰ። ፕሮፌሰራችን የጠየቀን አንድ ጥያቄ ነው፦ "ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ልጁ አይፓዱን ይዞ ማክሰኞ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቅ ነበር?"

ሁለተኛው ሙርስቪል ነው፣ ሰሜን ካሮላይና። ትንሽ ዲስትሪክት። ሱፐርኢንተንደንቱ ማርክ ኤድዋርድስ ይባላል። በ2007 ጀመሩ። ላፕቶፑን ከልጆቹ በፊት አስተማሪዎቹ ያዙት። ከዚያ ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ 4,400 ልጆች ተዳረሰ። ቤተሰብ በዓመት 50 ዶላር ለጥገና ይከፍላል፤ ለሌለው ይቀርለታል። ቤት ኢንተርኔት ለሌላቸው በወር 9.99 ዶላር የሚከፈልበት ስምምነት ከኩባንያ ጋር ተደራደሩ። በ2008 80 በመቶ የነበረው የሚመረቅ ተማሪ በ2011 91 በመቶ ደረሰ። በግዛቱ ካሉት 115 ዲስትሪክቶች ለአንድ ተማሪ በሚያወጡት ገንዘብ 100ኛ ነበሩ፤ በፈተና ውጤት 3ኛ።

ጋሼ የጻፉትን ሳነብ የሳቅኩት ለዚህ ነው። ሙርስቪሎች ድንጋዩን በጀት ውስጥ አስገብተውታል።

---

ባዶ_ሰሌዳ · ማክሰኞ ማታ 5:11

የሙርስቪልን ጉዳይ ጎግል አደረግኩት። 37 አስተማሪ ቀንሰዋል! መካከለኛ ደረጃ ላይ 18 የነበረው ክፍል 30 ሆኗል። ይሄን ለምን ዘለልከው? ላፕቶፑ የተገዛው በማን ደመወዝ ነው?

---

አርሊንግተን_ማዶ · ማክሰኞ ማታ 5:25

ልክ ነህ፣ መጻፍ ነበረብኝ። የኢኮኖሚ ቀውሱ ዓመት ስለነበር ዲስትሪክቶች በየቦታው ይቀንሱ ነበር፤ ግን ቅነሳው እውነት ነው፤ ክፍሉም ሰፍቷል። ክፍል ውስጥም ይህን አንስተን ተጨቃጭቀናል። አንዷ የክፍሌ ልጅ "91 በመቶ ያደረገው ላፕቶፑ ነው ወይስ ሰውየው?" አለች። እኔ ሰውየው ነው ባይ ነኝ።

---

ሚሚ_ሲልቨር_ስፕሪንግ · ረቡዕ ጠዋት 12:50

እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ እናት ነኝ፣ ሁለት ልጅ አለኝ። እስቲ የወላጅን ጎን ላውራ፤ ማንም አላነሳውም።

በኮቪድ ጊዜ የኛ ዲስትሪክት ለልጆቹ ክሮምቡክ የሚባል ላፕቶፕ ሰጠ። ጥሩ ነው። ከዚያ መተግበሪያ መዝነብ ጀመረ። አንዱ ለሒሳብ፣ አንዱ ለንባብ፣ አንዱ ለቤት ሥራ፣ አንዱ ለአውቶቡስ፣ አንዱ ለምሳ ሒሳብ፣ ሁለት ደግሞ ለመልእክት። ሰባት የይለፍ ቃል ፍሪጅ ላይ ለጥፌ ነበር። ባለቤቴ የማታ ሥራ ነው፤ ጠዋት ሲገባ "ዛሬስ የትኛው ነው የጮኸው?" ይላል።

አንድ ቀን በአማርኛ መልእክት መጣ። ደስ አለኝ። ከፈትኩት። "ልጅዎ ዛሬ ዘገምተኛ ነበር" ይላል። ልቤ ቀጥ አለ። ልጄን ምን አገኘው ብዬ ከሥራ ወጥቼ በረርኩ። ለካ አርፍዶ ነው የገባው፤ ማሽኑ ነው የተረጎመው። ቢሮ ላይ ያለችው ልጅ በጣም አዘነች፤ ግን እሷ ምን ታድርግ፣ የላከው ሲስተሙ ነው።

ከዚያ አንዲት ሐበሻ የማኅበረሰብ ሠራተኛ ነገረችኝ፦ በ1964ቱ (በፈረንጆች) የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ዲስትሪክቱ በሚገባኝ ቋንቋ ሊያናግረኝ ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብቴ ነው። ለስድስት ዓመት አላውቅም ነበር። አሁን ስብሰባ ላይ ሰው አስተርጓሚ አለ፤ ስልክም ቢሆን።

ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ጉድ። ከፌዴራል የመጣው የኮቪድ ገንዘብ ለአገሩ ሁሉ ወደ 190 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ የመጨረሻው ዙር ጊዜው ሴፕቴምበር 2024 ላይ አበቃ። ልጄ የለመደው የንባብ መተግበሪያ በሚቀጥለው ዓመት ጠፋ። "የት ሄደ?" ብዬ ብጠይቅ "ውሉ አልታደሰም"። ሁለት ዓመት ያነበበው መዝገቡ አብሮ ጠፋ።

የወረዳው ሰው፣ ለወላጆች ንገራቸው። ልጃቸው ምን እንደያዘ፣ ለምን እንደያዘ፣ ቢሰብር ምን እንደሚሆን። በሚገባቸው ቋንቋ።

---

አወያይ · ረቡዕ ጠዋት 2:00

ሁለት የታብሌት ሽያጭ ማስታወቂያ ተሰርዟል። ሰውየው 96 አለው፣ ተዉት።

---

ሞዴል_22 · ረቡዕ ማታ 1:33

የንብረት ሠራተኛ ነኝ። የሌላ ወረዳ ነኝ፤ ግን የዚያን መጋዘን ቁልፍ የያዘውን ሰው አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል፤ እኔ ነኝ።

ሁላችሁም ስለ ባትሪ፣ ስለ ሎስ አንጀለስ አወራችሁ። ታብሌቱ ለምን እንደተቆለፈ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። ልንገራችሁ። ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 እቀበላለሁ፤ በስሜ ገባ ማለት ነው። በሞዴል 22 ወጪ ሳደርግ የወሰደው ሰው ይፈርማል፤ ዕዳው ወደሱ ሄደ። አስተማሪው ወረቀቱን ያያል። "ቢሰበርስ?" ይላል። "ከደመወዝህ ይቆረጣል" እለዋለሁ፤ መመሪያው ነውና። ያ ሰው የአንድ ታብሌት ዋጋ የስንት ወር ደመወዙ እንደሆነ በልቡ ያሰላል። ከዚያ "ይቅርብኝ" ይላል። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን አልወስድም።

እኔን ደግሞ ኦዲተር ይጠይቀኛል። ኦዲተር ሲመጣ ስንት እንዳለ ይቆጥራል። 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ "ስንት ልጅ ተማረበት?" ብሎ የጠየቀኝ ኦዲተር የለም። ካርቶኑ ሙሉ ከሆነ እኔ ጎበዝ ነኝ።

ቁልፉን ከኔ የሚወስደው ስልጠና አይደለም። አንድ ደብዳቤ ነው። ኃላፊው ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ "በመደበኛ ሥራ ላይ ሳለ የሚደርስ ጉዳት በትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይታያል፤ ቸልተኝነት ካልተረጋገጠ በቀር ተገልጋዩ አይጠየቅም" ብሎ ይጻፍልኝ። ያን ጊዜ እኔም ከፍቼ እሰጣለሁ፣ አስተማሪውም ይፈርማል።

---

የፕላዝማ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 1:50

እንዴ። ይሄ እኮ ነው መልሱ።

---

ባዶ_ሰሌዳ · ረቡዕ ማታ 1:58

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ የገባኝ ይሄ ብቻ ነው። ሞዴል 22 ይኑር!

---

የወረዳው_ሰው · ረቡዕ ማታ 3:15

ሞዴል_22፣ ወንድሜ፣ አፈርኩ። ሦስት ወር ሙሉ "አስተማሪዎቹ ቴክኖሎጂ ይፈራሉ" እያልኩ ሪፖርት ጽፌያለሁ። የሚፈሩት ፊርማውን ነው ለካ። እኔ ራሴ አስተማሪ ሳለሁ የላቦራቶሪውን ቮልቲሜትር ተፈራርሜ መውሰድ ፈርቼ በስዕል አስተምሬያለሁ። ረስቼው።

ነገ ለኃላፊው ረቂቅ አቀርባለሁ።

---

ጡረተኛው_ሱፐርቫይዘር · ሐሙስ ጠዋት 1:20

ከመፈረሙ በፊት የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱን የውስጥ ኦዲተር አማክረው። ሻይ ጋብዘህ። በኋላ በጽሑፍ ከሚቃወምህ አሁን በቃል ያርምህ።

---

መምህርት_ከገጠር · ሐሙስ ማታ 2:05

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ እንዳንተ ያለ ትምህርት ቤት ነው። እኛ ጋ 30 ታብሌት አለ፤ አንድ ለአራት ልጅ እንሰጥ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ አየሁት፦ የሚይዘው ወንዱ ነው። ሴቶቹ በትከሻው በኩል ያያሉ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያው ይሆናል። ከዚያ በየ10 ደቂቃው የሚይዘው ሰው ይቀየር አልኩ፤ ፊሽካ ነው የምነፋው። ልጆቹ "ሪፈሪ" ይሉኛል።

ቤት ይዘው ይሂዱ የሚሉህ ይመጣሉ። ለሴቶቹ ቤት ማለት ውኃና እንጨት ነው። ከፈረቃቸው ውጪ አንድ ክፍል ክፈትላቸውና ሰው ይቀመጥ። እኔ ጋ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ትርፍ ሰዓት አይከፈለኝም፤ ጠይቄያለሁ፣ መልስ የለም። በእቅድህ ላይ የምትቀመጠዋን ሰው ሰዓት ቁጠርላት።

---

ኬብል_ፈታች · ሐሙስ ማታ 2:40

ለይዘቱ ኢንተርኔት አትጠብቅ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ፒዲኤፋቸው በቴሌግራም ሞልቷል። አንድ ጊዜ አውርደህ በሚሞሪ ካርድ ጫን። መጽሐፍ ለአራት የሚካፈል ልጅ ይህ ብቻ ይበቃዋል። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አንድ ላፕቶፕ ላይ ትጭነዋለህ፣ ታብሌቶቹ በዋይፋይ ከላፕቶፑ ያነባሉ። ቪዲዮው አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ አስተማሪው ቀድሞ ያየውን ብቻ ያሳይ።

12ኛ ክፍሎችንም አትርሳ። በኛ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ብሔራዊ ፈተና በኦንላይን የሚወስዱ ልጆች አሉ። ጥያቄውን እያወቀ ገጹን ማሸጋገር ያቃተው ልጅ አይቻለሁ። 20 ደቂቃ ልምምድ ነው የጎደለው።

---

የወረዳው_ሰው · ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ እሑድ ማታ 2:20

ሰላም። ጠፋሁ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

ደብዳቤው ተፈርሟል። ኦዲተሩ መጀመሪያ "አይሆንም" አለ። ሁለት ሻይና አንድ ክትፎ ወጪ ሆኗል፤ በሞዴል አልተመዘገበም። በመጨረሻ ራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት፦ ትምህርት ቤቱ በየወሩ የአጠቃቀም መዝገብ ያቀርባል፣ እሱም ሲቆጥር አብሮ ያየዋል። ሞዴል_22፣ ቢያንስ አንድ ኦዲተር አገኘንልህ።

ከ96ቱ የተነሱት 81 ናቸው። ሁሉንም አልበተንኩም። መጀመሪያ 12 ለአስተማሪዎች ሰጠሁ፣ ገጠሩ ትምህርት ቤት። ፊርማ ላይ አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ማኅተሙ እውነተኛ ነው?" አለችኝ።

ለሁለት ሳምንት ምንም አላዘዝኳቸውም፤ "ቤት ወስዳችሁ ተጫወቱበት" ነው ያልኩት። ከዚያ ኋላ ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ጋሼ እንዳሉት። አንዱ የሒሳብ አስተማሪ ታብሌቱን ከነጭራሹ አላወጣውም፤ ትምህርቱ ግን ጥሩ ነበር፣ ተውኩት። ኬሚስትሪዋ አንድ ቪዲዮ አሳየች፣ አቆመችው፣ ጠየቀች፣ መልሳ አሳየች። የፕላዝማ_ልጅ፣ ስታቆመው አንተን አሰብኩ።

ካለፈው ሰኞ ጀምሮ 40 ለ9ኛ ክፍል ወጥቷል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ፣ መጻሕፍቱ ተጭነው። ከፈረቃ ውጪ ክፍሉን የምትይዘው መምህርት በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ከድልድሏ ተቀንሶላታል። መምህርት_ከገጠር፣ ገንዘብ አላገኘሁም፤ ሰዓት ነው ያገኘሁት። የወላጅ ስብሰባም አድርገናል፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ በፊት። አንድ አባት "ልጄ ቢሰብረው በሬዬን ትወስዳላችሁ?" አሉ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው።

ሶላሩ ላይ ገና ነኝ። አሁን 15ቱ ማታ ማታ ከተማ እየመጡ ነው ቻርጅ የሚደረጉት፣ በርዕሰ መምህሩ ሞተር ሳይክል። ይህ እንደማይዘልቅ አውቃለሁ። ለቀጣይ ዓመት ስኩል ግራንት ላይ የሶላር ባትሪ አስገብቻለሁ፤ ጋሼ፣ የወጪ መደቡን ስም "ድንጋይ" ልለው ነበር፣ ፋይናንሶች ከለከሉኝ።

ሐሙስ ዕለት አንዱ ወደቀ። ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ልጁ ገርጥቶ ራሱ ይዞልኝ መጣ። ቃለ ጉባኤ ይዘናል።

---

ባዶ_ሰሌዳ · እሑድ ማታ 2:31

ወንበሩስ?

---

የወረዳው_ሰው · እሑድ ማታ 2:34

30 ወንበር ከመጋዘኑ አውጥተን እያስጠገንን ነው። ከካርቶኖቹ ፊት የነበሩት።

---

ሞዴል_22 · እሑድ ማታ 2:50

የተሰነጠቀው ቢነካ ይሠራል? ስክሪኑ ብቻ ከሆነ አታስወግደው። መለያ ቁጥሩን በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍና አስቀምጠው፤ ባትሪው ላበጠው ለአንዱ ይሆናል።